ለድሬ ሙቀትና ወደ ሐረር ለሚወስደው የደንገጎ ዳገት የሚሆን ምትክ ሞተር አመራረጥ

ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ቦዲ ቶሎ አይሞትም። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ዝገት ብዙም አይበረታበትም። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ ኮሮላ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ስታዩት ገና ብዙ ዕድሜ ያለው ይመስላል። ቀድሞ የሚደክመው ሞተሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን ሸጦ ሌላ መግዛት ለብዙዎቻችን ከባድ ሆኗል። ስለዚህ ሞተር ቀይሮ መቀጠል የግድ እየሆነ መጥቷል።

ብዙ ሰው ግን ምርጫውን ከዋጋ ይጀምራል። "አቦ፣ ርካሽ ሞተር ተገኝቷል" ይባላል። ብር ይላካል፣ ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ከዚያ ሱፖርቱ (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ) አይገጥምም፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሶኬት አይገባም፣ ሊብሬው አይስተካከልም። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ይከርምና የሞተሩን ዋጋ የሚያህል ሌላ ወጪ ይበላል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ የድሮውን ሞተር መርምሩ፤ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ከዚያ የራሳችሁን መኪና ዓይነት እወቁ፤ ከዚያ ሞተሩን ምረጡ። ዋጋ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ምሳሌዎቼን በብዛት ከቶዮታ የማመጣው መንገዳችን ላይ የሚበዛው እሱ ስለሆነ ነው።

1. ሞተሩ በእርግጥ አልቆለታል?

ድሬ ላይ ሞተር የሚገድለው በአብዛኛው ሙቀት ነው። ፋኑ አይነሳም፤ ወይም የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አይይዝም፤ ወይም ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ተጋግሯል። የእኛ ውሃ ጠጣር ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ነገር ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ሞተሩ ሲሞቅ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ቴስታታውን ከታችኛው ክፍል፣ ከብሎኩ ጋር የሚያሽገው ስስ ንጣፍ) ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል። ባለቤቱ "ሞተሩ ሄደ" ብሎ ይደመድማል። ከታች ያለው ክፍል ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ቴስታታውን አስተካክሎ ጓርኒሲዮን መቀየር ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ሞተር ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ ሲሊንደር ውስጥ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) አስለኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ካንዴላዎቹ (እሳት ሰጪዎቹ) በሙሉ ይወጣሉ፣ ነዳጅና ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ይቋረጣል፣ የነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻው ይረገጣል፣ ከዚያ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አምስት ስድስት ዙር ይመታል። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ነው። ካልተነቃነቀ ጥፋቱ ከቫልቭ ወይም ከጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ጠርጥሩ።

ማሳደስ ይሻላል ወይስ መቀየር? መልሱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ነው። የድሮ ኮሮላዎች ላይ ያሉት 4ኤ እና 5ኤ ሞተሮች ብሎካቸው ብረት ነው። ሬክቲፊካ (ሞተር እየላገ የሚያድስ ጋራዥ) ገብተው፣ ሲሊንደሩ ሰፍቶ፣ ከፍ ያለ ልክ ያለው ፒስቶን ገብቶላቸው ብዙ ዓመት ይሠራሉ። የቪትዝና የያሪስ 1ኤንዜድ እና 2ኤንዜድ ግን ብሎካቸው አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ያለው የብረት ሽፋን ስስ ስለሆነ ፋብሪካው ሰፍቶ እንዲታደስ አድርጎ አልሠራውም። ሲሊንደሩ ከተቧጠጠ ሌላ ሞተር መፈለግ ያዋጣል።

ማሳደስ ሌላም ጥቅም አለው። የሞተር ቁጥሩ የተመታው ብሎኩ ላይ ነው። ብሎኩ እስካልተቀየረ ድረስ ሊብሬው አይነካም። ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ሰብሮት ከወጣ፣ ወይም ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ከዚህ በፊት ተደጋግሞ ተላልጦ ልኩን ከጨረሰ ግን ወደ መቀየሩ ሂዱ።

2. ወረቀቱን ከሞተሩ አስቀድሙ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ይበዛል፤ በኋላ የሚያለቅሰውም እሱ ነው። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር አለ። በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ቁጥሩ ይታያል። መኪናውን ስትሸጡ ይታያል። አደጋ ደርሶ ጉዳዩ ፖሊስ ወይም መድን ድርጅት ከደረሰም ይታያል። አገሪቱ ለዚህ ሕግ አላት፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይባላል።

ስለዚህ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ ፋይሉ ወዳለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሂዱና "ሞተር ልቀይር ነው፣ ምን ምን ላምጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚሏችሁን ጽፋችሁ ያዙ። ሻጩ ጋ ስትደርሱ ጥያቄያችሁ ከዚያ ወረቀት ይነሳል። ከውጭ የገባ ሞተር ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አለው ወይ? ቁጥሩ ዲክላራሲዮኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? እዚሁ አገር ከተጋጨ መኪና የወጣ ከሆነ የዚያ መኪና ባለቤት ማነው? ፋይሉስ ንጹሕ ነው?

ድሬ ለጅቡቲና ለሶማሌ ክልል መስመር ቅርብ ናት። ወረቀት የሌለው ሞተር በቅናሽ ይቀርብላችኋል። አትንኩት። ሞተሩ ቢሠራ እንኳ መኪናችሁን በሕግ መሸጥ የማትችሉት ዕቃ ያደርግባችኋል። ቁጥሩ የተፋቀ፣ አካባቢው በመፍጫ የተላሰ፣ ወይም ፊደሎቹ ቁመታቸው የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ወሬው ሳይረዝም ውጡ።

3. የራሳችሁን መኪና እወቁ

"ቪትዝ ነው ያለኝ" ማለት አይበቃም። ኮፈኑን ክፈቱ። ከሞተሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ወይም በር መዝጊያው አጠገብ የሞዴል ሳህን አለ። ቶዮታ ላይ የሞዴሉ የመጀመሪያ ፊደላት የሞተሩን ቤተሰብ ይናገራሉ። የድሮ ኮሮላ "ኤኢ" ብሎ ከጀመረ የኤ ቤተሰብ ሞተር ነው፤ 4ኤ ወይም 5ኤ። "ኢኢ" ካለ የኢ ቤተሰብ ነው፤ 2ኢ ወይም 4ኢ። "ሲኢ" ካለ ናፍጣ ነው። ቪትዝ ላይ "ኤስሲፒ 10" ማለት 1 ሊትሩ 1ኤስዜድ ነው። "ኤንሲፒ 10" ማለት 1.3 ሊትሩ 2ኤንዜድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ እና በዚያው ዘመን የተሠራው ያሪስ መልካቸው አንድ ነው። ሁለቱም "1.3" ይባላሉ። የጃፓኑ ቪትዝ "ኤስሲፒ 90" ግን የያዘው 2ኤስዜድ ሞተር ነው። ከዓረብ አገር የመጣው ያሪስ 1.3 የያዘው 2ኤንዜድ ነው። ሁለቱ ሞተሮች ቤተሰባቸው አይገናኝም። ሱፖርቱ፣ ገመዱ፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ሁሉ ይለያል። ደላላው "ያው ናቸው" ቢላችሁ ሳህኑን አሳዩት።

ሳህኑን በስልክ አንሱ። የሞተር ቁጥሩን አንሱ። የጋዝ መክፈቻውን (መርገጫው ሲረገጥ የሚከፈተውን የአየር በር) ከላይ አንሱ፤ ሽቦ ገመድ ይጎትተዋል ወይስ የኤሌክትሪክ ሶኬት ብቻ ነው ያለው? ትልልቆቹን የገመድ ሶኬቶችም አንሱ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ማኑዋል ነው ወይስ ኦቶማቲክ? እነዚህ ፎቶዎች ገበያ ላይ ምስክሮቻችሁ ናቸው።

4. አሁን ምረጡ

እኔ ምርጫውን በሦስት እከፍለዋለሁ። የምመክረውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛው፣ ልክ አንድ ዓይነት ሞተር ነው። ኮዱ አንድ፣ ዘመኑ ቅርብ፣ የጋዝ መክፈቻው ዓይነት አንድ። የድሮው ኮምፒውተርና ገመድ እንዳለ ይቀጥላል። የድሮው ዲናሞ ያገለግላል። የሰፈር መካኒክ ያለ ችግር ይገጥመዋል። የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ እዚሁ ቁሙ።

ሁለተኛው፣ የአንድ ቤተሰብ ታላቅ ወንድም መግጠም ነው። ከ2ኤንዜድ ወደ 1ኤንዜድ፣ ወይም ከ5ኤ ወደ 4ኤ ማለት ነው። 1ኤንዜድ እና 2ኤንዜድ የሲሊንደራቸው ስፋት እኩል 75 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርዝመት ነው፤ 84.7 እና 73.5 ሚሊ ሜትር። 5ኤ እና 4ኤ ደግሞ በተቃራኒው ምልልሱ እኩል 77 ሆኖ ስፋቱ ይለያል፤ 78.7 እና 81። ስለዚህ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፣ ብዙ ነገራቸውም ይጋጠማል። ኮምፒውተሩን ግን ከነሞተሩ መቀየር አለባችሁ። ለ1.3 የተሠራ ኮምፒውተር ለ1.5 የሚበቃ ነዳጅ በትክክል አይመድብም።

ይህ ሁለተኛው ምርጫ ለእኛ አካባቢ ትርጉም አለው። ምክንያቱም ዳገቱ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። በመካከሉ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ (አየር እያመቀ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት ያለው 1 ሊትር ቪትዝ ሐረር ሲደርስ ከ60 በታች ነው የሚቀረው። አምስት ሰውና የአወዳይ ገበያ ዕቃ ሲጨመርበት፣ ኤሲም ከተከፈተ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣል። ያ ነው ሞተሩን የሚያቃጥለው። ደንገጎን አዘውትራችሁ የምትወጡ ከሆነና መኪናችሁ 2ኤንዜድ ከሆነ፣ 1ኤንዜድ ማሰቡ ተገቢ ነው። ከተማው ውስጥ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ታይዋን ለሚመላለስ ሰው ግን 1.3 በደንብ ይበቃዋል። ለነዳጁም ይሻለዋል።

ሦስተኛው፣ ሌላ ቤተሰብ ወይም ሌላ ሥሪት መግጠም ነው። ሱፖርት ይበየዳል፣ አክስል ይስተካከላል፣ ገመድ ከባዶ ይሳባል። ጎበዝ ባለሙያ ይሠራዋል። ነገር ግን በኋላ መንገድ ላይ ሲበላሽ ሌላ መካኒክ አይገባውም። እኔ ለዕለት ሥራ መኪና አልመክረውም።

በተለይ "ናፍጣ እንግጠምበት" የሚለውን ምክር ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው 2ሲ ነው፤ 1,974 ሲሲ ያለው የቶዮታ ናፍጣ። ጠንካራ ሠራተኛ ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ግን ሲሞቅ ቴስታታው የመሰንጠቅ ባሕርይ አለው። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ፀሐይ ለሙቀት የሚፈራ ሞተር መምረጥ ትክክል አይመስለኝም። ክብደቱም ከቤንዚኑ ስለሚበልጥ የፊት ስፕሪንጉን ያወርደዋል።

ስለ ፔጆ 404 የሚጠይቁኝ አሉ። ሐረር በእነዚያ ሰማያዊ ታክሲዎቿ የታወቀች ናት። የ404 ሞተር 1,618 ሲሲ ሆኖ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ተጋድሞ ነው የተቀመጠው። ጉልበቱም ወደ ኋላ ጎማ ነው የሚሄደው። የዛሬ ትንንሽ መኪኖች ሞተር አግድም ተቀምጦ የፊት ጎማ የሚያሽከረክር ስለሆነ እዚያ ውስጥ አይገባም። 404 ያለው ሰው የራሱን ሞተር እያሳደሰ መያዙ ነው የሚያዋጣው፤ ብሎኩ ብረት ነው፣ ሲሊንደሩም ተነቅሎ የሚቀየር እጅጌ ነው። ለማደስ የተሠራ ሞተር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 1ኤንዜድ ስትፈልጉ 1ኤንዜድ-ኤፍኤክስኢ የሚባል ልታገኙ ትችላላችሁ። መልኩ ይመሳሰላል፣ ዋጋውም ይረክስ ይሆናል። እሱ የድሮው የፕሪየስ ሞተር ነው። ከባትሪና ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር እንዲሠራ የተበጀ ስለሆነ ብቻውን ጉልበቱ ያንሳል። የምትፈልጉት 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ነው። ጽሑፉን ብሎኩ ላይ አንብቡ።

5. ሞተሩን በዓይንና በእጅ መመርመር

ድሬ ካልተገኘ አብዛኛው ሰው የሚሄደው አዲስ አበባ ነው፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ። በስልክ ፎቶ አይታችሁ አትግዙ። ራሳችሁ ሂዱ ወይም የምታምኑትን መካኒክ አበሉን ከፍላችሁ ላኩት። የእሱ አበል ከምትድኑበት ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ሞተሩ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ አብረቅርቆ ከጠበቃችሁ ደስ አይበላችሁ። የቆሸሸ ሞተር እውነቱን ይናገራል፤ ዘይቱ የት እንደሚያፈስ አቧራው ያሳያል። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ከሥሩ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ቅባት ካለ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የወፈረ ነገር ከተጋገረ ዘይት በጊዜው አይቀየርለትም ነበር ማለት ነው። ቡናማ ሆኖ ንጹሕ ብረት ከታየ ጥሩ ነው።

ካንዴላዎቹን አውጡ። አራቱን በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ሁሉም ቀለማቸው ተመሳሳይ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ በዘይት ከረጠበ ያ ሲሊንደር ዘይት ይበላል። አንዱ ብቻ ታጥቦ የነጣ ከሆነ እዚያ ውሃ ይገባል። በጭስ መውጫው በኩልም በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩ፤ እርጥብና ዘይታማ ጥቁር ነገር አይታችሁ እንዳታልፉ።

የውሃ መግቢያውንና መውጫውን ቱቦ አፍ እዩ። ቀይ ዝገት ካለ ያለ ኩላንት በባዶ ውሃ ሲነዳ የኖረ ሞተር ነው። ከውስጥ ደቃቅ ጭቃ ከወጣ ከጎርፍ የወጣ መኪና ሊሆን ይችላል። የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ጭቃ የገባበት ብረት ምን እንደሚሆን አይነገረውም።

ቴስታታውና ብሎኩ የሚገናኙበትን መስመር ዙሩት። የፋብሪካ ሥራ ስስና እኩል ነው። ወፍራም ሲሊኮን ወጥቶ ከታየ ከዚህ በፊት ተከፍቷል። መከፈቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሻጩ "አልተከፈተም" እያለ ሲሊኮን ካያችሁ ግን ሌላውንም ቃሉን መዝኑት። ከሥር የዘይት መያዣው ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ መሆኑን እዩ፤ ከተጠጋ የዘይት መሳቢያውን ይዘጋል።

ከዚያ ክራንኩን በቁልፍ በእጅ አዙሩት። ካንዴላው ወጥቶ ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ምንም መያዝ መዞር አለበት። የሚጋጭ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለ ተዉት። ክራንኩን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት፤ በእጅ የሚታወቅ መላወስ ካለ ብሮንዚኑ (ክራንኩን የሚሸከመው ስስ ብረት) ደክሟል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ነው፤ እዚህ ላይ ላተኩር። ሞተሩ ከነካምቢዮው ከሆነ ሞተሪኖው አብሮት ስለሚኖር ወለል ላይ እንዳለ በባትሪ ማስመታት ይቻላል። ለዚህም ስል ከነካምቢዮው ያለ ሞተር እመርጣለሁ። የፋብሪካው ቁጥር ለ1ኤንዜድ 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ ዝቅተኛው 156። ለ4ኤ-ኤፍኢ 191 ነው፤ ዝቅተኛው 142። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ14 መብለጥ የለበትም።

ግን እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ወለል ቁጥሮች ናቸው። አየሩ በሳሳበት ቦታ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ብሎ ያነባል። ፍጹም ጤነኛ የሆነ 1ኤንዜድ ድሬዳዋ ላይ 185 አካባቢ ነው የሚሰጣችሁ። አዲስ አበባ ላይ 160 አካባቢ። ይህን የማያውቅ ገዢ ሶማሌ ተራ ላይ 160 አይቶ ጥሩውን ሞተር ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከፍተኛውን ቁጥር አታሳድዱ። የአራቱን መቀራረብ እዩ። 158፣ 160፣ 157፣ 160 ያነበበ ሞተር 175፣ 172፣ 150፣ 174 ካነበበው እጅግ ይሻላል። መለኪያውም የራሳችሁ ወይም የመካኒካችሁ ይሁን።

ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ማሳየት ከቻለ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲነሳ ጠይቁ። ከመምጣታችሁ በፊት ሞቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። የኤንዜድ ሞተሮች ታይሚንጋቸው (ቫልቮቹን ከክራንኩ ጋር አስማምቶ የሚያሠራው ክፍል) በሰንሰለት ነው። ሲነሱ ለጥቂት ሰከንድ የሚቆይ የማንኳኳት ድምፅ ካለ ሰንሰለቱ ወይም መወጠሪያው እንዳለቀ ይነግራችኋል። ሲሞቅ የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ እጃችሁን አስጠጉ። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው፤ እየገፋ የሚወጣ ጭስ ግን የፋሻ ማለቅ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ነው።

"60 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው" የሚባለውን ስሙና እለፉት። መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር ኪሎ ሜትር አያስነብብም።

6. ከሞተሩ ጋር ምን ይምጣ?

በኢንጀክሽን ሞተር ላይ ትልቁ ራስ ምታት ብረቱ ሳይሆን ገመዱ ነው። ልክ አንድ ዓይነት ሞተር ካልገዛችሁ ኮምፒውተሩ፣ ሙሉ የሞተሩ ገመድ ሳይቆረጥ፣ የጋዝ መክፈቻው፣ የአየር መለኪያ ሴንሰሩና ቦቢናዎቹ አብረው ይምጡ። በኤሌክትሪክ የሚከፈት ጋዝ ያለው ሞተር ከሆነ የእግር መርገጫውም መምጣት አለበት። ኮምፒውተሩ ቺፕ ያለው ቁልፍ የሚያነብ ከሆነ ቁልፉንና ማንበቢያውን ጠይቁ፤ አለዚያ መኪናው አይነሳም። ገመዱን ሻጩ በመቀስ ቆርጦ ከጠበቃችሁ ዋጋው መውረድ አለበት። ገመድ መቀጠል የኤሌክትሪሺያን ብዙ ቀን ይበላል፤ በሙቀቱ የተነሣም ቅጥያዎቹ በኋላ ይለቃሉ።

7. ዋጋና ውል

አሁን ስለ ዋጋ አውሩ። በቃል ዋስትና አትለያዩ። ውሉ ላይ የሞተሩ ሙሉ ቁጥር፣ አብረው የመጡት ዕቃዎች፣ ዲክላራሲዮኑ መሰጠቱና የመሞከሪያ ጊዜው ይጻፍ። ሞተሩ ተገጥሞ ዘይት ቢበላ ወይም ቢሞቅ ሻጩ ምን ያደርጋል? ይቀይራል ወይስ ገንዘብ ይመልሳል? የጉልበት ዋጋውን ማን ይከፍላል? ከተቻለ ከዋጋው የተወሰነውን ሞተሩ ተነስቶ ከተሞከረ በኋላ ለመክፈል ተስማሙ። "ወንድሜ፣ ባንተ እምነት አጥቼ አይደለም፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው" በሏቸው። በዕቃው የሚተማመን ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

8. ሳይገጠም በፊት የሚቀየሩ

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ሥራው ቀላል ነው። ከገባ በኋላ ግን ለአንዲት ኦይል ሲል ብሎ ካምቢዮ ማውረድ አለ። ስለዚህ የኋላውን የክራንክ ኦይል ሲል፣ የውሃ ፖምፓውን፣ ቴርሞስታቱን፣ ካንዴላዎቹንና ቺንጋዎቹን (የሞተሩን ቀበቶዎች) አሁኑኑ ቀይሩ። 4ኤ እና 5ኤ ታይሚንጋቸው በቺንጋ ነው፤ አዲስ ቢመስልም ቀይሩት። ፍሪሲዮኑን ከነተሸካሚ ኩሽኔታው አዲስ አድርጉ። የተሰነጠቀ የጎማ ሱፖርት መልሳችሁ አትግጠሙ።

"ለድሬ ሙቀት ቴርሞስታት አያስፈልግም" ብለው አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ። በዚህ አልስማማም። ቴርሞስታቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን አያግድም። ከወጣ ግን ከደንገጎ ስትወርዱ ሞተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩም ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ነዳጁም ሲሊንደሩን እያጠበ ፋሻውን ይጨርሳል። መኪናው የሚሞቅ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ ነው። አዲስ ሞተር በተጋገረ ራዲያተር አታስጀምሩ። አስከፍታችሁ አሳጥቡት ወይም ቀይሩት። ክዳኑንም ቀይሩ፤ ትንሽ ዕቃ ናት ግን ሥራዋ ትልቅ ነው። ንጹሕ ውሃ ድሬ ላይ 96 ዲግሪ፣ ሐረር ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሲሞቅም ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ ነው። ኩላንቱን ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። የቧንቧ ውሃ አትጨምሩበት። ፋኑም በራሱ መነሳቱን አረጋግጡ፤ በቀጥታ ከባትሪ ተስቦ በማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ፋን አንድ ቀን መርሳት ይመጣል።

9. ማስነሳትና መሞከር

መጀመሪያ የነዳጅ ፊውዙን አውጥታችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አስመቱት። ዘይት ሳይደርሰው የተነሳ ሞተር በመጀመሪያዋ ደቂቃ ብሮንዚኑን ይጎዳል። ለኤንዜድ ሞተሮች 5ደብሊው30 ወይም 10ደብሊው30 ዘይት ይስማማል። ለድሮዎቹ ኤ ሞተሮች በእኛ ሙቀት 20ደብሊው50 ይሆናል።

ከተነሳ በኋላ ቆሞ ይሥራ። የውሃውን አየር አስወጡ፤ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጋችሁ፣ የካቢኑን ሙቀት ማሞቂያ ከፍታችሁ፣ ውሃው አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም። ፋኑ ተነስቶ ሲጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ እዩ። የስካነር ምርመራ አድርጉና የተመዘገበ ስህተት ካለ ያኔውኑ አስተካክሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከተማ ውስጥ ንዱት። በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሳ የዘይቱንና የኩላንቱን ልክ እዩ፣ ከሥሩም መሬቱን እዩ። ልኩ ካልቀነሰ ደንገጎን ሞክሩት። በጠዋት ሂዱ፣ ብቻችሁን ወይም ከመካኒካችሁ ጋር። የሙቀት መርፌዋ ከተለመደው ቦታዋ ከተነሳች ኤሲውን አጥፉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ ክፈቱ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ሞተሩን ሳታጠፉ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ መርፌዋ እየወጣች ከቀጠለች ግን አጥፉት። ትኩስ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አትክፈቱ። ወጥታችሁ ተመልሳችሁ መርፌዋ ካልተነቃነቀችና ዘይቱ ካልቀነሰ ሞተሩ ተስማምቷችኋል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ የሱፖርቶቹን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ።

የመሞከሪያ ጊዜው ሳያልቅ ለሻጩ ደውላችሁ ሁኔታውን ንገሩት፣ ቀሪ ክፍያ ካለም ጨርሱ። ከዚያ ውሉን፣ ዲክላራሲዮኑንና የሞተሩን ቁጥር ፎቶ ይዛችሁ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ተመለሱ። መኪናውን ነድታችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ። የሞተር ቁጥሩ ቆሻሻ ከሸፈነው ቀድማችሁ በጨርቅና በቤንዚን አጽዱት፣ በብረት ብሩሽ ግን አትፈግፍጉት።